ዳታቤዝን ከመጠባበቂያ ቅጂ መመለስ

ዳታቤዝን ከመጠባበቂያ ቅጂ መመለስ (በተለምዶ ሪስቶር ማድረግ) የጠፋ፣ የተበላሸ ወይም በስሕተት የተለወጠ የመረጃ ቋትን ቀደም ሲል ከተወሰደ ቅጂ ተነስቶ እንደገና ለሥራ የማብቃት ተግባር ነው። ሥራው የዳታቤዝ አስተዳዳሪው ኃላፊነት ነው። ቅጂ መውሰድ (ባክአፕ) በየዕለቱ በጸጥታ የሚከናወን ሥራ ሲሆን፣ መመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ አገልግሎት ከተቋረጠ በኋላ፣ ባለጉዳይ ወረፋ ይዞ እየጠበቀ የሚሠራ ነው። በዚህም የተነሳ ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ በጽሑፍ መዘጋጀትና በተግባር መሞከር ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ የባንኮች፣ የሆስፒታሎች፣ የዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት ፋይናንስ መሥሪያ ቤቶች መዛግብት በዳታቤዝ ይያዛሉ። እንደ ሐዋሳ ፒያሳ ባሉ የንግድ ሰፈሮችም መድኃኒት ቤቶች፣ ሆቴሎችና የጅምላ መደብሮች ክምችታቸውንና ሒሳባቸውን የሚይዙት በአንድ ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ዳታቤዝ መሆኑ የተለመደ ነው። ከትልቁ ተቋም እስከ ትንሹ ሱቅ የመመለሱ መርሕ አንድ ነው።

ስያሜ

ዳታቤዝ በአማርኛ «የመረጃ ቋት» ወይም «የውሂብ ጎታ» ይባላል። በባለሙያዎች አነጋገር «ሪስቶር» የሚለው ቃል የቅጂውን ፋይሎች ወደ ቦታቸው መመለስን ያመለክታል። «ሪከቨሪ» ደግሞ ከቅጂው በኋላ የተካሄዱ ለውጦችን ከሎግ አንብቦ ዳታቤዙን እርስ በርሱ ወደሚስማማ ሁኔታ ማድረስ ነው። ሎግ ማለት ዳታቤዙ እያንዳንዱን ለውጥ በተራ የሚጽፍበት መዝገብ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱ ተግባራት በአንድነት «መመለስ» ይባላሉ።

ዳታቤዝ የሚጠፋባቸው ምክንያቶች

የሰው ስሕተት። መረጃን የሚሰርዝ ትእዛዝ «የትኛውን» የሚለው ገደብ ሳይጻፍበት ሲላክ የሠንጠረዡን መዝገቦች በሙሉ ያጠፋል። ትእዛዙን በሙከራ ሰርቨር ፈንታ በሥራ ሰርቨር ላይ ማስኬድም ከተለመዱት አደጋዎች አንዱ ነው።

የዲስክ ብልሽት። መረጃን በሁለት ዲስክ ላይ እኩል የሚጽፍ ሬይድ አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራው እንዳይቋረጥ ይረዳል። በስሕተት የተሰረዘ መዝገብ ግን ከሁለቱም ዲስኮች ወዲያው ስለሚጠፋ፣ ሬይድ የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። በሌላ ሰርቨር ላይ ያለ ቀጥታ ቅጂም (ሬፕሊካ) በተመሳሳይ ምክንያት አይተካውም።

የመብራት መቋረጥ። ዘመናዊ ዳታቤዞች ለውጡን አስቀድመው በሎግ ስለሚጽፉ መብራት ድንገት ቢጠፋ ሲነሱ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። እንደ ማይአይሳም ያሉ የቆዩ የማይኤስኪውኤል ሠንጠረዦችና በተራ ፋይል ላይ የሚጽፉ አሮጌ ፕሮግራሞች ግን ሊበላሹ ይችላሉ።

የቤዛ ቫይረስ (ራንሰምዌር)። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ የቀረን ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክም አብሮ ስለሚቆልፍ፣ ቅጂው የተነቀለ መሆን አለበት።

ስርቆት፣ እሳትና የተፈጥሮ አደጋ። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በጥር 2008 ዓ.ም. በከተማዋ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከስቷል። ሰርቨሩና ቅጂው በአንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡ አንድ አደጋ ሁለቱን ያጠፋቸዋል።

የመጠባበቂያ ቅጂ ዓይነቶች

በአያያዝ ረገድ ቅጂ በሁለት ይከፈላል። ሎጂካል ቅጂ (ደምፕ) ሠንጠረዦቹን እንደገና የሚፈጥሩና መዝገቦቹን መልሰው የሚያስገቡ ትእዛዞች ስብስብ ነው። ወደ ሌላ ሥሪት (ቨርዥን) ወይም ወደ ሌላ ማሽን ለመውሰድ ያመቻል፤ ነገር ግን ትልቅ ዳታቤዝን ለመመለስ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ፊዚካል ቅጂ የዳታቤዙ ፋይሎች እንዳሉ የሚቀዱበት ነው። ፈጣን ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ሶፍትዌርና ዋና ሥሪት ይፈልጋል። ዳታቤዙ እየሠራ ሳለ ፋይሎቹን በተራ ኮፒ መውሰድ ከሁለቱም አይቆጠርም። ግማሹ ፋይል ከለውጥ በፊት፣ ግማሹ ከለውጥ በኋላ ስለሚቀዳ ሲመለስ ላይነሳ ይችላል።

በመጠን ረገድ ደግሞ አራት ዓይነት አለ።

• ሙሉ ቅጂ፦ ዳታቤዙን በሙሉ ይይዛል።
• የልዩነት ቅጂ (ዲፈረንሺያል)፦ ከመጨረሻው ሙሉ ቅጂ ወዲህ የተለወጠውን ሁሉ ይይዛል።
• ተከታታይ ቅጂ (ኢንክሪመንታል)፦ ከመጨረሻው ማንኛውም ቅጂ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ይይዛል።
• የሎግ ቅጂ፦ እያንዳንዱን ግብይት በቅደም ተከተል ይይዛል፤ ወደ ተፈለገው ደቂቃ ለመመለስ የሚያስችለው ይህ ነው።

ለምሳሌ እሑድ ሌሊት ሙሉ ቅጂ፣ በሌሎቹ ሌሊቶች የልዩነት ቅጂ፣ በየ15 ደቂቃው ደግሞ የሎግ ቅጂ የሚወሰድበት መሥሪያ ቤት ሐሙስ ረፋድ ላይ ዲስኩ ቢሞት፣ አስተዳዳሪው የሚያስፈልጉት የእሑዱ ሙሉ ቅጂ፣ የረቡዕ ሌሊቱ የልዩነት ቅጂና ከዚያ ወዲህ ያሉት ሎጎች በሙሉ ናቸው። ከሎጎቹ መካከል አንዱ ከጠፋ ከእሱ በኋላ ያሉት ቢኖሩም አይጫኑም፤ ዳታቤዙ ሊመለስ የሚችለው ከተበጠሰው ሰንሰለት በፊት እስካለው ሰዓት ድረስ ብቻ ነው።

ሁለቱ መለኪያዎች

ቅጂ በየስንት ጊዜው እንደሚወሰድና የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በሁለት ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያው «ምን ያህል ሥራ ቢጠፋ እንችላለን?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ለምን ያህል ጊዜ ሥራ ብናቆም እንችላለን?» የሚል ነው። በእንግሊዝኛ ምሕጻራቸው አርፒኦ እና አርቲኦ ይባላሉ።

ማታ ሲዘጋ ወደ ፍላሽ ቅጂ የሚወስድ መድኃኒት ቤት ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ የዕለቱን ሽያጭ በሙሉ ያጣል። ይህን በወረቀት ደረሰኝ መተካት ከቻለ የአንድ ቀን ኪሳራ የሚቻል ነው። ለባንክ ግን የአንድ ደቂቃ መጥፋትም ከባድ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ በሒሳብ የሚታወቅ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠ 60 ጊጋባይት ቅጂን በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ሐዋሳ ላይ ለማውረድ፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ እንኳ፣ ከ13 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሁለቱ ከተሞች በመኪና መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ ያንኑ ቅጂ በዲስክ ጭኖ በመኪና ማምጣት ይፈጥናል። ስለዚህ አንድ ቅጂ በቅርብ፣ አንድ ቅጂ በሩቅ መቀመጡ ሁለት የተለያየ ጥቅም አለው፤ የቅርቡ ለፍጥነት፣ የሩቁ ለከባድ አደጋ ነው። በሰፊው የሚታወቀው «3-2-1» የሚባለው ደንብም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ እንዲሆን ይመክራል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ጉዳቱን ማስቆም። ተጠቃሚዎች እንዲወጡ ይደረጋል፤ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ይለያል። በተበላሸ ዳታቤዝ ላይ መጻፍ መቀጠል ሊድን የሚችለውንም ያጠፋል።

2. የተበላሸውንም መቅዳት። የሚመለሰው ቅጂ እንከን ያለበት ሆኖ ቢገኝ የቀረው ተስፋ የተበላሸው ዳታቤዝ ራሱ ነው። ያልተቀዳው የመጨረሻው ሎግ ከተረፈ በዚህ ጊዜ መዳን አለበት፤ ከመጨረሻው ቅጂ እስከ አደጋው ድረስ ያለው ሥራ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

3. ምን እንደጠፋና መቼ እንደጠፋ መለየት። አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ከሆነ የጠፋው ዳታቤዙን በሙሉ ወደ ኋላ መመለስ የሌሎችን ሥራ ያለ ጥፋታቸው ማጥፋት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ቅጂውን ለብቻው በሌላ ስም መልሶ ከውስጡ የሚፈለገውን ሠንጠረዥ ብቻ ማውጣት ይሻላል።

4. ቅጂውን መመርመር። መጠኑ ከቀደሙት ቀናት ቅጂዎች ጋር ይነጻጸራል። ትናንት 4 ጊጋባይት የነበረ ቅጂ ዛሬ ጥቂት ኪሎባይት ከሆነ ፋይሉ ስሙ እንጂ ይዘቱ የለም። ቅጂ ሲወሰድ የመለያ ድምር (ቼክሰም) ተመዝግቦ ከነበረ አሁን ይመሳከራል።

5. ወደ ሌላ ቦታ መመለስ። በተቻለ መጠን ቅጂው በነባሩ ላይ አይጫንም፤ በሌላ ሰርቨር ወይም በሌላ ስም ይመለሳል። ለዚህም ለቅጂውም ለሚፈጠረው ዳታቤዝም የሚበቃ ባዶ ቦታ በዲስኩ ላይ መኖሩ አስቀድሞ ይታያል። በመሐል ዲስክ ሞልቶ መቆም የተለመደ የጊዜ ብክነት ነው።

6. ሎጎቹን መጫን። ከቅጂው በኋላ ያሉት ለውጦች ስሕተቱ ከመፈጸሙ ጥቂት ቀደም ብሎ እስካለው ቅጽበት ድረስ ይጫናሉ።

7. ተጠቃሚዎችንና ፈቃዶችን ማስተካከል። የተጠቃሚ ስሞችና የይለፍ ቃሎች ብዙውን ጊዜ በሰርቨሩ እንጂ በዳታቤዙ ውስጥ ስለማይቀመጡ ከቅጂው ጋር ላይመጡ ይችላሉ።

8. ማረጋገጥ። የየሠንጠረዡ መዝገብ ብዛት፣ የመጨረሻው መዝገብ ቀንና ቁጥር፣ የሒሳብ ድምሮች፣ የአማርኛ ጽሑፎች አነባበብ ይታያል። ማረጋገጫውን የሥራው ባለቤት ቢያደርገው ይመረጣል። አስተዳዳሪው ዳታቤዙ መነሳቱን ያውቃል፤ ሒሳቡ ልክ መሆኑን የሚያውቀው ግን ሒሳብ ሠራተኛው ነው።

9. በጥንቃቄ መክፈት። በቅጂው ውስጥ «ገና አልተላከም» የሚል ምልክት የያዙ የኤስኤምኤስ መልእክቶችና የክፍያ ትእዛዞች ሊኖሩ ይችላሉ። በእውነቱ ግን ከቅጂው በኋላ ተልከዋል። በራሳቸው የሚሠሩ ተግባራት ሳይዘጉ ዳታቤዙ ከተከፈተ ደንበኞች ድጋሚ መልእክት፣ ከዚያም አልፎ ድጋሚ ክፍያ ይደርሳቸዋል።

10. አዲስ ሙሉ ቅጂ መውሰድና መዝግቦ ማስቀመጥ። ከመመለስ በኋላ የሎጉ ሰንሰለት አዲስ ስለሚሆን የቀድሞው ቅጂ ለወደፊቱ አይበቃም። ምን እንደተደረገ፣ በስንት ሰዓትና በማን ውሳኔ እንደተደረገ ይጻፋል።

በመመለሱና በአደጋው መካከል የቀረው ክፍተት በእጅ ይሞላል። ለዚህም የወረቀት ደረሰኞች፣ የባንክ ስቴትመንት፣ እንደ ቴሌብር ያሉ የሞባይል ክፍያዎች ዝርዝርና ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ዕለታዊ የዜድ ሪፖርት ያገለግላሉ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ከኮምፒውተሩ የተለየ የራሱ የፊስካል ማህደር ስላለው፣ የዕለቱን ጠቅላላ ሽያጭ ከተመለሰው ዳታቤዝ ጋር ለማመሳከር ጥሩ ምስክር ነው።

በተለያዩ ሶፍትዌሮች

ማይኤስኪውኤል እና ማሪያዲቢ። ሎጂካል ቅጂ የሚወሰደው ማይኤስኪውኤልደምፕ በተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ የሚመለሰው ፋይሉን ለማይኤስኪውኤል ደንበኛ ፕሮግራም በመስጠት ነው። በዳታቤዙ ውስጥ የተጻፉ ፕሮሲጀሮችና ፈንክሽኖች ለብቻ ካልተጠየቁ በደምፑ ውስጥ አይገቡም። ሠንጠረዡ ሁሉ ተመልሶ ፕሮግራሙ አልሠራ ሲል አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ወደ አንድ ቅጽበት ለመድረስ የባይነሪ ሎግ ቅጂ ከደምፑ በኋላ ይጫናል። በዊንዶውስ ፓወርሼል በአቅጣጫ ምልክት የተቀመጠ ደምፕ የጽሑፍ ኮዱ ስለሚለወጥ ላይመለስ ይችላል፤ የውጤት ፋይሉን በመሣሪያው በራሱ አማራጭ መሰየም ያስፈልጋል።

ፖስትግሬስኪውኤል። የጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ2 የሚሠራው በዚህ ዳታቤዝ ላይ ነው። ፒጂደምፕ በራሱ ቅርጽ (ከስተም ፎርማት) ያወጣው ቅጂ በፒጂሪስቶር ይመለሳል፤ ከውስጡም አንድ ሠንጠረዥ ብቻ መርጦ ማውጣት ይቻላል። ፒጂደምፕ የአንድ ዳታቤዝ ይዘት እንጂ የሰርቨሩን ተጠቃሚዎች ስለማይዝ፣ እነሱ በፒጂደምፕኦል ለብቻ መቀዳት አለባቸው። ፊዚካል ቅጂና የተቀመጡ ሎጎች ካሉ የመድረሻ ሰዓት ተሰጥቶት እዚያ ላይ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። በዚያ ጊዜ አስተዳዳሪው በንባብ ብቻ ገብቶ የሚፈልገው መረጃ መኖሩን ካየ በኋላ ይከፍተዋል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር። ሙሉ ቅጂው፣ ልዩነቱና ሎጎቹ በተራ ሲጫኑ ከመጨረሻው በስተቀር ሁሉም «ኖሪከቨሪ» በሚለው አማራጭ መሆን አለባቸው። አንዴ ዳታቤዙ ከተከፈተ ቀጣዩ ሎግ አይጫንም፤ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። በአዲስ ሥሪት የተወሰደ ቅጂ ወደ አሮጌ ሥሪት አይመለስም። ዳታቤዙ የተመሰጠረ ከሆነ ደግሞ የምስጢር ሰርተፊኬቱ ለብቻው ተቀድቶ ካልተቀመጠ ቅጂው ከባዶ ፋይል አይሻልም።

ፒችትሪ። በኢትዮጵያ ድርጅቶች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀውና በንግድ ኮሌጆች የሚሰጠው ይህ የሒሳብ ሶፍትዌር (በኋላ ሴጅ 50 የተባለው) የድርጅቱን መረጃ በፒቲቢ ቅጥያ ባለ አንድ ፋይል ይቀዳል። ሲመለስ ሁለት ምርጫ ይቀርባል፤ በነባሩ ድርጅት ላይ መጫን ወይም አዲስ ድርጅት አድርጎ መክፈት። በነባሩ ላይ መጫን ከቅጂው ወዲህ የተሠራውን ሁሉ ይሰርዛል። ስለዚህ መጀመሪያ እንደ አዲስ ድርጅት ከፍቶ የሒሳብ ሚዛኑን (ትሪያል ባላንስ) ማየት ይመከራል። በሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት የሚወሰደው ቅጂ ከሌሎቹ ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል፤ የተዘጋ ዓመት ተመልሶ የሚታየው ከእሱ ነው።

በኢትዮጵያ የሚያጋጥሙ ልዩ ጉዳዮች

ሰዓት

ወደ አንድ ቅጽበት ሲመለስ ከሁሉ የሚያሳስተው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ሠራተኛው «ማክሰኞ ከቀኑ 8፡40 ላይ መዝገቡ ጠፋ» ቢል፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት 14፡40 ነው። ሎጉ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ያው ቅጽበት 11፡40 ተብሎ ይገኛል። አስተዳዳሪው 08፡40 ብሎ ቢያዝ ዳታቤዙ የሚመለሰው በኢትዮጵያ ሰዓት ወደ ጧቱ 2፡40 ይሆናል፤ የስድስት ሰዓት ሥራ ያለ ምክንያት ይጠፋል። በተቃራኒው 11፡40 የሚለውን የሎግ ሰዓት እንደ አገር ውስጥ ሰዓት ቢያዝ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

የሌሊቱ ችግር የባሰ ነው። በአማርኛ «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የሚባለው ለኮምፒውተሩ ማክሰኞ 02፡00 ነው፤ የኮምፒውተሩ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነውና። ስለዚህ በምስክር ቃል ብቻ ከመመለስ ስሕተቱ የተፈጸመበትን ትእዛዝ ራሱን በሎጉ ውስጥ ፈልጎ አግኝቶ ከእሱ በፊት ማቆም አስተማማኝ ነው።

የዘመን አቆጣጠር

የቅጂ ፋይሎች ስም አንዳንዴ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዴ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይጻፋል። ሁለቱ በአንድ ማህደር ውስጥ ከተቀላቀሉ በስም ሲደረደሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላላቸው አዲሱ ቅጂ ከአሮጌው በታች ይገኛል። «አሮጌውን አጥፋ» የተባለ ራስሠር ትእዛዝም ትክክለኛውን ሊያጠፋ ይችላል። አንድ አቆጣጠር መርጦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል መሰየም ይህን ያስቀራል።

በዳታቤዙ ውስጥ የተያዙ ቀኖችም ይመረመራሉ። የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ የሚያውቅ የቀን ዓምድ ጥቅምት 30ን «የሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን» ብሎ፣ ጳጉሜንን ደግሞ «13ኛ ወር» ብሎ አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ብዙ ፕሮግራሞች የኢትዮጵያን ቀን በጽሑፍ ዓምድ ይይዛሉ። የጳጉሜንና የጥቅምት መጨረሻ መዝገቦች ከመመለስ በኋላ በቅድሚያ ሊታዩ ይገባል።

ፊደል

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ሥሪት ነው። ከዚያ በፊትና ለዓመታት ከዚያ በኋላ የተያዙ መረጃዎች በልዩ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። ዳታቤዙ የላቲን ኮዶችን ይይዛል፤ አማርኛ ሆነው የሚታዩት ያ ፎንት ሲኖር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ቅጂ ሲመለስ ጽሑፉ የተበላሸ ቢመስልም ፎንቱ ከተገኘ ደህና ነው።

በዩኒኮድ የተያዘ ጽሑፍ ሲመለስ ሁለት ዓይነት ብልሽት ይታያል። አንደኛው ፊደሉ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆኖ መታየቱ ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የተለመደ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ እያንዳንዱ ባይት እንደ ላቲን ፊደል ተነቧል ማለት ነው። ባይቶቹ ስላልጠፉ ትክክለኛውን ኮድ ገልጾ እንደገና በመመለስ ይስተካከላል። ሁለተኛው ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት መሆኑ ነው። ይህ ኮዱ ፊደሉን መያዝ በማይችል ዓምድ ውስጥ ሲያልፍ የተተካ ሲሆን፣ ከዚያ ዳታቤዝ ሊድን አይችልም፤ ከቅጂው እንደገና መጀመር ግድ ነው። ስለዚህ በማይኤስኪውኤል ዩቲኤፍ8ኤምቢ4፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ኤንቫርቻር የተባለው የዓምድ ዓይነት ለአማርኛ ይመረጣል።

በኤስኪውኤል ሰርቨር አንዳንድ አሮጌ የኮሌሽን ምርጫዎች ለግዕዝ ፊደላት የመለያ ክብደት አይሰጡም። በዚህ የተነሳ ሁለት ፍጹም የተለያዩ የአማርኛ ስሞች «እኩል» ተብለው ፍለጋው ሁሉንም መዝገብ ሊያወጣ ይችላል። ቁጥጥሩ በአማርኛ ስም በሚደረግበት ጊዜ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። በተጨማሪም «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ» እና «አዋሳ» ለዳታቤዙ ሦስት የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ቆጥሮ «መዝገብ ጎድሏል» ማለት ያሳስታል።

መብራትና ኔትወርክ

ለሰዓታት የሚቆይ የመመለስ ሥራ በመሐል መብራት ከጠፋ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ዩፒኤስ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚያቆይ ጄኔሬተር በሌለበት ቦታ ቅጂውን በክፍል በክፍል መመለስ ወይም ሥራውን ጄኔሬተር ወዳለበት ቦታ መውሰድ ይመረጣል። በርቀት ግንኙነት የተጀመረ ትእዛዝም ኔትወርክ ሲቋረጥ እንዳይቆም በሰርቨሩ በራሱ ላይ በሚቀጥል መስኮት ውስጥ መጀመር አለበት።

የታወቁ አጋጣሚዎች

የጊትላብ አደጋ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የሶፍትዌር ማከማቻ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ አንድ ሠራተኛ በተሳሳተ ሰርቨር ላይ ባስኬደው የመሰረዝ ትእዛዝ ምክንያት 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው ዳታቤዙ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ድርጅቱ በርካታ የቅጂ ዘዴዎች ነበሩት፤ ሲፈለጉ ግን ሊያስተማምኑ አልቻሉም። ዕለታዊው ደምፕ መሣሪያው ከዳታቤዙ ሥሪት ጋር ስለማይስማማ ያለ ውጤት ይቀር ነበር፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም ለሠራተኞቹ አይደርሱም ነበር። ያዳናቸው ከአደጋው ስድስት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ ተብሎ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ድርጅቱ የመመለሱን ሂደት በይፋ እያስታወቀ ያከናወነ ሲሆን፣ አጋጣሚው ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ የሚቆጠር ለመሆኑ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አጋጣሚ። ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በባንኩ ሲስተም ላይ በተፈጠረ እክል ደንበኞች በሒሳባቸው ካላቸው በላይ ማውጣትና ማዘዋወር ቻሉ። ባንኩ እክሉ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበር፣ ያለ አግባብ የወጣውም ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ አስታውቋል። ከተጠቃሚዎቹ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ገንዘቡን እንዲመልሱ ጥሪ አቅርቦ አብዛኛውን ማስመለስ ችሏል። አጋጣሚው የመመለስን ወሰን ያሳያል። ዳታቤዝን ወደ ዋዜማው መመለስ ከኤቲኤም የወጣን ብር ወደ ማሽኑ አይመልስም፤ ወደ ሌሎች ባንኮች የተላለፈውንም አይስብም። ከዚህም በላይ በዚያው ሌሊት በአግባቡ የተካሄዱትን ግብይቶች ማስረጃ አብሮ ያጠፋል። ከውጭው ዓለም ጋር የተገናኘ ዳታቤዝ ሲሳሳት መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ስሕተቱን በመዝገቡ ላይ ትቶ በማካካሻ ግብይት ማረም ነው።

ሕግና ምስጢራዊነት

የመጠባበቂያ ቅጂ ከዋናው ዳታቤዝ ያላነሰ ምስጢር ይይዛል። የታካሚዎችን ዝርዝር የያዘ ፍላሽ ቢጠፋ ሰርቨሩ እንደተሰረቀ ያህል ነው። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትንና በዳታ ላይ ጉዳት ማድረስን በወንጀል ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዙ ተቋማት ላይ የጥበቃ ግዴታ ይጥላል። ከመመለስ ጋር በተያያዘ አንድ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ በባለቤቱ ጥያቄ የተሰረዘ መረጃ አሮጌ ቅጂ ሲመለስ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ የተሰረዙ መዝገቦች መለያ ቁጥር ለብቻ ተይዞ ከመመለስ በኋላ ስረዛው መደገም አለበት።

ቅጂው ሲመሰጠር የመክፈቻ ቁልፉ ከቅጂው ጋርም፣ በሚጠበቀው ሰርቨር ላይም ብቻ መቀመጥ የለበትም። ቁልፉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ የዚያ ሰው ሥራ መልቀቅ ራሱ የመረጃ መጥፋት አደጋ ነው።

ልምምድ

ቅጂ ደህና መሆኑ የሚታወቀው ሲመለስ ብቻ ነው። ፋይሉን የሚመረምሩ ትእዛዞች ፋይሉ ሊነበብ እንደሚችል ይናገራሉ እንጂ ውስጡ የሚፈለገው መረጃ መኖሩን አያረጋግጡም። ጥሩ አሠራር ተብሎ የሚታወቀው ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ አንድ ቅጂ በዘፈቀደ መርጦ፣ ከሥራው ሰርቨር በተለየ ኮምፒውተር ላይ መመለስና የወሰደውን ጊዜ መመዝገብ ነው። ልምምዱን ዘወትር ቅጂ የሚወስደው ሳይሆን ሌላ ባልደረባ፣ የተጻፈውን መመሪያ ብቻ እያነበበ ቢያደርገው የመመሪያው ጉድለት ይወጣል። ለአነስተኛ ድርጅት ይህ ከአንድ የቅዳሜ ከሰዓት በላይ አይጠይቅም፤ አንድ ትርፍ ላፕቶፕ፣ የትናንቱ ቅጂና የትናንቱ የዜድ ሪፖርት ይበቁታል። የሁለቱ ድምር ከተስማማ ቅጂው ይሠራል ማለት ነው።

ተዛማጅ ርዕሶች

የመረጃ ቋት • ዩኒኮድ • የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር • የኮምፒውተር ደህንነት • ሐዋሳ